ከሐምሌ 5 በኋላ ውቅያኖስ ዳር ከጓደኞች ጋር፦ ድንኳኑ፣ ዓሣው እና የደፋነው መስል

የሲታኩ_ልጅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ዓመት እዚሁ "ሲያትል አካባቢ ባሕር ዳር ድንኳን ተክሎ ያደረ አለ ወይ?" ብዬ ጠይቄ ብዙዎቻችሁ መክራችሁኝ ነበር። ዘንድሮ ተሳካልንና ሄድን። ስድስት ነበርን። ያየነውን እጽፋለሁ ብዬ ቃል ስለገባሁ ይኸው፤ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ከሁሉ በፊት ያስቸገረን ቀን መምረጥ ነው። ከስድስታችን አራታችን ኦርቶዶክስ ነን፣ አንዱ ሙስሊም፣ አንዷ ጴንጤ። ጁን ላይ የሐዋርያት ጾም አለ፤ ኦገስት ገባ ሲል ደግሞ ፍልሰታ ይያዛል። ሰው ዓሣ ሊያጠምድ ሄዶ የያዘውን ሳይቀምስ አይመለስም። ስለዚህ የሐዋርያት ጾም ከሚፈታበት ከሐምሌ 5 እስከ ፍልሰታ ባለችው ሦስት ሳምንት ተኩል ውስጥ አንድ ዓርብ ከሥራ መልስ ተነሣን። የዓርቡን ራት ቤት ተሠርቶ በመጣ ሽሮና ምስር ወጥ አለፍነው።

ያረፍነው ግሬይላንድ ቢች ስቴት ፓርክ ነው፣ ከዌስትፖርት ዝቅ ብሎ። ከሲያትል በአቤርዲን ከተማ በኩል ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ያስነዳል። ድንኳኑ የሚተከለው ዛፍና ቁጥቋጦ መሀል ነው። ትንሽ በእግር ከሄዱ በኋላ የአሸዋ ጉብታ አለ፣ ከጉብታው ማዶ ውቅያኖሱ። "ድምፁ አያስተኛችሁም" ብለውን ነበር። እኔን ግን ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ እንደሚመታ ዝናብ ሆኖ አስተኛኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሙሉ መንጠቆ ወርውረን አንድም አልያዝንም። አቅማችን እስከፈቀደ ሩቅ ነበር የምንወረውረው። አጠገባችን የሚያጠምዱ አንድ አዛውንት ፈረንጅ ቆይተው መጡና "ዓሣውን አልፋችሁት እየወረወራችሁ ነው" አሉን። ከዚያ ቆም ብለን ውሃውን እንድናይ አደረጉን። ማዕበሉ አንዴ ራቅ ብሎ ይሰበራል፣ አንዴ ደግሞ እግር ሥር። በሁለቱ መሀል ውሃው ጠቆር፣ ረጋ የሚልበት ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። ዓሣው ማዕበሉ ከአሸዋው የሚያወጣውን ትንንሽ ነፍሳት የሚለቅመው እዚያ ነው። ከቆምንበት 20 ወይም 30 ሜትር ቢርቅ ነው። ሰዓቱንም ነገሩን፦ ባሕሩ መሙላት ከጀመረ በኋላ፣ ሀይ ታይድ (ሞልቶ የሚያበቃበት) ሊሆን ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው። ሳንድ ሽሪምፕ የሚባለውን ማጥመጃ መንጠቆው ላይ አድርገን እንዳሉን ስንወረውር ዘንጉ ወዲያው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እስከ ቀትር ድረስ ዘጠኝ ዓሣ ያዝን።

ዓሣው ሰርፍ ፐርች ይባላል። ጎኑ እንደ ብር ያበራል፣ ክንፉና ጭራው ወደ ቀይ ያደላል፣ ቅርጹ የኛን ቆሮሶ ይመስላል። ክንፍም ቅርፊትም ስላለው ከመካከላችን ማንም አላመነታም።

አንድ ነገር ግን ከዓይኔ አልጠፋም። ቅርፊት የሚፍቀውና ሆድ ዕቃ የሚያወጣው ሐዋሳ ያደገው ጓደኛችን ነበር። ሦስተኛዋን ሲሰነጥቃት እጁ ቀጥ አለ። ከሆዷ የወጣው ዕንቁላል አልነበረም። የጣት ርዝመት ያላቸው፣ ዓይናቸውም ክንፋቸውም የተሟላ ዓሦች ነበሩ፤ ስምንት ቆጠርን። ሁለቱ ይንቀሳቀሱ ነበር። በመዳፉ ውሃ ይዞባቸው ሮጠና ማዕበሉ ውስጥ ለቀቃቸው። ሰርፍ ፐርች ዕንቁላል አይጥልም፣ ይወልዳል፤ የሚወልደውም በዚሁ በሰመር ወራት ነው። ሕጉ ባያስገድድም ከዚያ በኋላ ሆዷ የተነፋችውን ሁሉ መንጠቆውን በቀስታ ነቅለን መለስናት። እሁድ ከያዝናቸው ሰባት ውስጥ አራቱን እንዲህ መለስን።

አሁን ዋናው ጉዳዬ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዌስትፖርት ከድንጋዩ ግድብ ላይ መስል ለቀምን። ጥቁር ዛጎል ያለው፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ነው። ሙስሊሙና ጴንጤዋ ጓደኞቻችን ሊበሉት ነበር። ግማሽ ባልዲ ሞላን። ድንኳናችን ጋ ተመልሰን ውሃው መፍላት ሲጀምር ከጎናችን የሰፈረች ሴትዮ ማገዶ ልትጠይቀን መጣች። ባልዲውን አይታ "ይሄን ልትበሉት ነው?" አለችን። ስልኳን አውጥታ የዋሽንግተን ጤና መሥሪያ ቤትን ካርታ አሳየችን። የነበርንበት የባሕር ዳር በሙሉ ቀይ ነው፤ በሰመር ወራት በውቅያኖሱ ዳር መስል መልቀም ክልክል ነው፣ መርዝ ሊይዝ ይችላልና። ወስደን ከለቀምንበት ድፍት አደረግነው። እሷ ማገዶ ባይቸግራት ኖሮ ምን እንሆን እንደነበር አላውቅም።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። መርዙ በደንብ ቢቀቀል አይጠፋም ወይ? የባሕር ዓሣ ፍም ላይ እንዴት ነው በወጉ የሚጠበሰው? የእኛው በፎይል ተጠቅልሎ ጥሩ ቢሆንም ልስልስ ብሎ ነው የወጣው። ሌላ ደግሞ ጉብታው ላይ ቀጋ የሚመስል ቁጥቋጦ አየን፣ ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው። እውነት ቀጋ ነው?

---

ኬንት_አዲስ

እግዚአብሔር ይስጥልን ወንድሜ፣ አብሬህ የሄድኩ ያህል ነው የተሰማኝ። እኔ ከመጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ፈቃድ ያስፈልጋል ወይስ ዝም ብሎ ይጠመዳል?

---

የሲታኩ_ልጅ

እንኳን ደህና መጣህ። 15 ዓመት የሞላው ሁሉ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ለዓሣ የጨው ውሃ ፈቃድ፣ ለሸርጣን፣ አሸዋ ውስጥ ለሚገኘው ክላም ለሚባል ዛጎልና ለባሕር አረም ደግሞ የዛጎል ፈቃድ፤ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። ዓመቱ ከኤፕሪል 1 እስከ ማርች 31 ነው። የነዋሪ ዋጋ ለማግኘት 90 ቀን መሙላት አለብህ፤ ያንተ አንድ ወር ብቻ ስለቀረው ብትታገሥ ብዙ ይቀንስልሃል። ጁን መጀመሪያ ላይ ደግሞ በየዓመቱ ያለ ዓሣ ፈቃድ የሚጠመድበት አንድ ቅዳሜና እሁድ አለ። በዓመቱ ስንት እንደሚያዝና የት እንደተዘጋ ከመውጣትህ በፊት በዚያው ቀን አረጋግጥ፣ ይለዋወጣል።

---

ነርሷ_ከሬንተን

የሲታኩ፣ ለዚያች ሴትዮ ጸልዩላት። የምሠራው ድንገተኛ ክፍል ስለሆነ ይህን ሳልመልስ ማለፍ አልችልም።

መርዙ በመቀቀል አይጠፋም። በመጥበስም፣ በማቀዝቀዝም፣ በሎሚም አይጠፋም። መስል፣ ክላምና ኦይስተር የሚባለው ሌላው ዛጎል ውሃ እያጣሩ ነው የሚበሉት። ባሕሩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ አንዳንድ ጥቃቅን ተክል መሰል ነገሮች መርዝ ያመነጫሉ፤ እነሱ ሲበዙ ዛጎሉ ውስጥ ይጠራቀማል። መስሉ ራሱ አይታመምም፣ ጣዕሙም ሽታውም አይለወጥም። ሳክሲቶክሲን የሚባለው የነርቭን መልእክት ያቆማል። መጀመሪያ ከንፈርና ምላስ ይነዝራል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሊጀምር ይችላል፣ ሰዓታትም ሊቆይ ይችላል። ከዚያ እጅና እግር ይደነዝዛል። ሲከፋ የመተንፈሻ ጡንቻ ይቆማል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። እኛ የምናደርገው መርዙ ከሰውነት እስኪወጣ በማሽን ማስተንፈስ ነው። በ2024 ሜይ መጨረሻ ኦሬጎን ውስጥ መስል ለቅመው የበሉ ከ20 በላይ ሰዎች ታመው የባሕር ዳሩ በሙሉ ተዘግቶ ነበር።

ሁለተኛው ዶሞይክ አሲድ ነው። በ1991 እዚሁ ዋሽንግተን፣ ከአሸዋ ተቆፍሮ በሚወጣው ሬዘር ክላም ውስጥ ተገኝቶ ቁፋሮው ቆሟል። ይኼኛው አንጎልን ነው የሚነካው፣ በከባዱ የያዘው ሰው ትውስታውን ሊያጣ ይችላል። ዛሬ ሬዘር ክላም ከመፈቀዱ በፊት ናሙና ተወስዶ የሚመረመረው ለዚህ ነው። ሸርጣን የምትበሉም ሥጋውን ብቻ ብሉ፤ መርዙ የሚጠራቀመው ሆድ ዕቃው ውስጥ ስለሆነ ከመቀቀላችሁ በፊት አውጥታችሁ ጣሉት።

ከንፈሩ የነዘረው ሰው ካለ "ያልፍልኛል" ብሎ አይተኛ። ወዲያው 911።

---

ፑጀት_ሳውንድ

ነርሷ፣ በአክብሮት ልጠይቅሽ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ 20 ዓመት ሙሉ መስል ለቅሞ ሲበላ አንድም ቀን አልታመመም። "ውሃው ካልቀላ ችግር የለውም፣ ሲቀቀል ያልተከፈተውን ብቻ ጣል" ይላል።

---

ነርሷ_ከሬንተን

ወንድሜ፣ ያልተከፈተውን መጣል የሞተውን ለመለየት ነው፣ ስለ መርዙ ምንም አይነግርህም። ጥርት ያለ ውሃ ውስጥም መርዙ ይኖራል፤ የቀላ ውሃ ውስጥ ደግሞ ላይኖር ይችላል። በተርክላም የሚባለው የክላም ዓይነት መርዙን ከዓመት በላይ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ አምና የነበረው ዘንድሮ ሊያገኝህ ይችላል። ባልደረባህ 20 ዓመት የተረፈው በተፈቀደ ጊዜና ቦታ ስለለቀመ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ዕድሉ ነው። እባክህ የእሱን ዕድል ይዘህ ለልጆችህ አታብስል። ካርታው በስልክ ይከፈታል፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

---

ፑጀት_ሳውንድ

ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ። ለእሱም አነብለታለሁ።

---

አብሮ_የሄደው

ሙስሊሙ ጓደኛ እኔ ነኝ። መስሉን የለቀምኩት እኔ ስለሆንኩ ልጻፍ ብዬ ነው። የባሕር አደንና ምግቡ ሱረቱል ማኢዳ 96 ላይ ተፈቅዷል፣ ብዙዎቹ ሊቃውንትም በዚሁ ዛጎሉንም ሸርጣኑንም ይፈቅዳሉ፤ ሐነፊዎች ዓሣ ብቻ ይላሉ። እኔ ሐረር ተወልጄ ዛጎል አይቼ አላውቅም ነበር። ሐላል መሆኑን እንጂ አይመረዝም ወይ ብዬ አላሰብኩም። ውሃው ዳር የቆመ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነበር፣ መኪና ስናቆም አልፌው ነው የሄድኩት። ጴንጤዋን ጓደኛችንንም ላበላት ስለነበር ያ እስካሁን ይከብደኛል።

እሁድ ግን ከወደቡ ላይ በቀለበት መረብ ዳንጀነስ የሚባለውን ሸርጣን ያዝኩ። ሴቷ በሆዷ በኩል ያለው መክደኛ ሰፊ ነው፣ የወንዱ ጠባብ። ሴቷ ሁልጊዜ ትመለሳለች። ወንዱም በውቅያኖሱ በኩል ጀርባው 6 ኢንች ካልሞላ ይመለሳል። አራት ይዤ ሦስቱን መለስኩ። አንዱን እኔና እሷ በላነው። የቀቀልነው በራሳችን ድስት፣ በራሳችን ምድጃ ነው፤ የሌሎቹን ብረት ምጣድ አላስነካንም። ማንም አልጠየቀንም፣ ግን እነሱም የኔን ሥጋ ከሐላል ሱቅ ሲገዙ ማንም አልጠየቃቸውም።

---

ዘ_ጎንደር

ይህን የመሰለ ጓደኝነት ይባርክላችሁ። ክላምና ሸርጣን ለኛ ለኦርቶዶክሶች ያለው ነገር ግልጽ ነው፦ ዘሌዋውያን 11 ላይ ከውሃ የሚበላው ክንፍና ቅርፊት ያለው ነው። ጣና ዳር ያደግን ደግሞ ሳናነበው ነው የምናውቀው። አባቴ ከታንኳ የሚወርደውን አምባዛ አይነካም ነበር፣ ቅርፊት የለውምና። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ግን ለብዙ ዘመን ያከራከረ ስለሆነ እዚህ ባንከፍተው ይሻላል፤ ሁሉም የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። ቀኑን ሐምሌ 5ን አሳልፋችሁ መምረጣችሁ በጣም ደስ ብሎኛል።

---

አሽዶድ_ወደቡ

ከእስራኤል ሰላም። እኛ ቤተ እስራኤሎችም ሕጉ ያው ክንፍና ቅርፊት ነው። እዚህ ሜዲትራኒያን ዳር ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ ከወንድሞቼ ጋር ድንጋዩ ላይ እናጠምዳለን። ለነርሷ የምጨምረው አለኝ፦ በስዊዝ ቦይ በኩል ከቀይ ባሕር የገባ አቡ ናፍሃ የሚሉት የሚነፋ ዓሣ አለ። ጥርሱ ገመድ ይበጥሳል። ሥጋው ነጭና የሚያምር ነው፣ መርዙም እንደ መስሉ በእሳት አይጠፋም፤ መሸጥም ክልክል ነው። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜ ትልቅ አቡ ናፍሃ ይዞ ደስ ብሎት መጣ። እናቴ ገና በሩ ላይ እጇን ጎኑ ላይ አሻሽታ "ይሄ ቅርፊት የለው፣ ከቤቴ አውጣው" አለችው። ስለ መርዙ ምንም አታውቅም ነበር።

---

ደብረብርሃን_ቀጋ

የሲታኩ፣ ያየኸው የቀጋ ዘመድ ነው። እዚህ ባሕር ዳር የሚበቅሉት ጽጌረዳዎች ሁሉ ፍሬያቸው ይበላል። መከር ሲገባ ቀይ ሆኖ ሲለሰልስ፣ በተለይ አንድ ውርጭ ከመታው በኋላ ይጣፍጣል። እንደ አገር ቤቱ ነው የሚበላው፦ ትሰነጥቀዋለህ፣ ዘሩንና ፀጉሩን አራግፈህ ሥጋውን ብቻ። ልጅ ሆነን ስንቸኩል ያ ፀጉር ጉሮሮአችንን ከርክሮ ሲያስለን እናቴ በጀርባ በጀርባችን ትመታን ነበር። ሲያትል በመጣሁ በመጀመሪያው ኦክቶበር ያንን ቁጥቋጦ ሳየው ብቻዬን ቆሜ አለቀስኩ።

ሰመር መጀመሪያ ላይ ጉብታው ላይ ዝቅ ብላችሁ ፈልጉ፣ አሸዋው ላይ የሚሳብ የዱር እንጆሪ አለ። ፍሬው የጣት ጫፍ አያክልም፣ ሽታው ግን ድንኳን ይሞላል። በሱቅ የምንገዛው ትልቁ እንጆሪ ከእርሱና ከሌላ የአሜሪካ የዱር እንጆሪ ተዳቅሎ የወጣ ነው። ኦገስት ላይ ብላክቤሪ በየመንገዱ ዳር ነው፤ ግን መድኃኒት የሚረጭበት አጥር ሥር አትልቀሙ። ሳማም አለ። ስፕሪንግ ላይ፣ ሳያብብ፣ ጫፉን ብቻ በጓንት ቆርጦ እንደ ጎመን ይቀቀላል፤ የፈላ ውሃ ሲነካው መለብለቡ ያቆማል።

እንጉዳይ ግን፣ እለምናችኋለሁ፣ አስተማሪ ሳይኖራችሁ አትንኩ። ጉበት የሚጨርሰው ገዳዩ ዓይነት ሲያትል ውስጥ በየሰፈሩ ዛፍ ሥር ይበቅላል፣ ለሚበላውም ይመሳሰላል።

---

የሁለት_ልጆች_እናት

ከልጆች ጋር ለመሄድ አስባለሁ። ባሕሩ ለሕፃናት እንዴት ነው?

---

የሲታኩ_ልጅ

እህቴ፣ ይሄን ዋናው ጽሑፍ ላይ መጻፍ ነበረብኝ። ውሃው በጁላይም እንደ በረዶ ነው፣ ለዋና አይሆንም። ከዚያ በላይ ግን ግንዶቹን ፍሪ። ባሕሩ ያወጣቸው ትልልቅ ግንዶች ዳር ላይ ተኝተዋል፣ ልጆች መውጣት ይወዳሉ። እሁድ ጠዋት ከኛ አንዱ እንዲህ ባለ ግንድ ላይ ተቀምጦ መንጠቆ ያሥር ነበር። ለግማሽ ሰዓት ያህል ውሃው አጠገቡም አልደረሰም። ከዚያ አንድ ማዕበል ከሌሎቹ ሁሉ አልፎ መጣ፤ ቁመቱ ጉልበት አይደርስም ነበር፣ ያንን ሦስት ሰው የማያነሣውን ግንድ ግን እንደ ቡሽ አንሥቶ አዞረው። ወደ ኋላ ስለወደቀ ተረፈ፤ ወደ ፊት ቢወድቅ ግንዱ ላዩ ላይ ያርፍ ነበር። ስለዚህ ልጆቹን ግንድ ላይ አታስቀምጪ፣ ለባሕሩም ጀርባ አትስጡ። ጉብታው ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ቢጫወቱ አይጠግቡም።

አንድም ነገር፦ ወደ ሰሜን ስትሄዱ ኩዊኖልት የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝብ መሬት አለ። ባሕር ዳሩ የእነሱ ስለሆነ ያለ ፈቃዳቸው አይገባም። የሌሎቹ ነባር ሕዝቦች፣ የማካዎች፣ አገር ኒያ ቤይ ደግሞ የመግቢያ ፈቃድ ገዝተሽ ማደር ይቻላል።

---

የአሰቧ

ልጆቼ፣ እኔ ብዙ አልጽፍም፣ አነባለሁ እንጂ። ዛሬ ግን ስለ ዓሣው ስትጠይቁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አሰብ ነው ያደግሁት። አባቴ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ይሠራ ነበር። በ83 ከወጣን ወዲህ የባሕር ዓሣ በወጉ ተጠብሶ አልበላሁም። እዚያ ዓሣ በሆዱ አይሰነጠቅም። በጀርባው በኩል፣ ከራሱ እስከ ጭራው፣ አጥንቱን ተከትሎ ይከፈታል፤ ሆዱ ሳይቆረጥ ሁለቱን ጎን እንደ መጽሐፍ ይዞት ይቀራል። ሆድ ዕቃው ወጥቶ ይታጠባል። ከዚያ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና ሎሚ አንድ ላይ ታሽቶ ሥጋው ላይ ይቀባል። ቅርፊቱ አይፋቅም፣ ከእሳት የሚጠብቀው እሱ ነው። የየመን ሰዎች ታኑር በሚባል የሸክላ ምድጃ ውስጥ ነበር የሚጠብሱት፣ ሽታው እስከ ወደቡ ይሄዳል። በትኩስ ዳቦ ነው የሚበላው፣ በእጅ።

እናንተ ታኑር ስለሌላችሁ ሁለት ፊት ያለው የሚከደን የሽቦ መጥበሻ ያዙ። እሳቱ ነዶ ነዶ ፍም ይሁን፣ ነበልባል ላይ አታድርጉት። በቅርፊቱ በኩል አብዝታችሁ ጥበሱት፣ በርበሬው በኩል ለአፍታ ብቻ ገልብጡት። የእናንተ ዓሣ በፎይል የለሰለሰው በራሱ ውሃ ስለተቀቀለ ነው።

ያቺን ያረገዘች ዓሣ ነገር ሳነብ ልቤ ተነካ። የተነፋችውን መመለሳችሁ ደግ ሥራ ነው።

ሲያትል 22 ዓመት ኖሬያለሁ። ባሕሩን ከመኪና መስኮት ነው የማየው፣ እግሬን አስገብቼ አላውቅም። ልጆቼም ሥራ ላይ ናቸው።

---

የሲታኩ_ልጅ

እትዬ፣ የጻፉትን ለሁሉም አነበብኩላቸው። የሐዋሳው ልጅ በጀርባ መሰንጠቁን ትላንት ከሱቅ በገዛው ዓሣ ሞክሮ አንዱን አበላሸ፣ ሁለተኛው ተሳካለት።

ፍልሰታ ሊገባ አንድ ቅዳሜ ይቀረናል። የታይዱን ሰንጠረዥ አይቻለሁ፣ ባሕሩ ሞልቶ የሚያበቃው ረፋድ ላይ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ቤትዎ ደጃፍ ብንሆን ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይሆናል፣ ድንኳን ውስጥ አያድሩም። ወንበር ይዘናል። ጉብታውን የሚሻገረው መንገድ አሸዋ ስለሆነ በሁለት በኩል ይዘን እናሻግርዎታለን። አድራሻዎን በውስጥ መስመር ይላኩልኝ።

---

የአሰቧ

ልኬልሃለሁ። በርበሬውን ዓርብ ማታ አሽቼ አሳድረዋለሁ። ሎሚ እንዳትገዙ፣ ቤት አለ።